አራት ደቂቃ

ካሜራዋ የትምህርት ቤት ናት፤ ቁጥሯ አሥራ ሰባት፣
ጥግ ጥጓ የተላጠ፣ የሌንሷ ክዳን የጠፋባት።
አንዷ ለሁለት ስለሆነች እኔና ያስና ተካፈልናት፤
ሰኞ እሷ ዘንድ አደረች፣ ሐሙስ እኔ ወሰድኳት።

መምህር ቪዶሊ ገባ፣ ሳሉ እየቀደመው፣
መጋረጃውን ሳበና ክፍሉን አጨለመው።
«ጨፍኑ» አለን፤ ጨፈንን። «ግለጡ» አለን፤ ገለጥን።
«በቃ፣ ካሜራ ማለት ይኸው ነው።» ሳቅን፤ ተገላመጥን።

ቁጥሩ ግን መጣ በኋላ፤ ሰሌዳውን ሞላው፦
ሁለት ነጥብ ስምንት፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ አንድ፣ ሌላው፣ ሌላው።
«ቁጥሩ ሲያድግ» አለ፣ «ቀዳዳው ይጠባል።»
«ተገላቢጦሽ!» አለች ያስና፤ «ይሄ እንዴት ይገባል?»
ጠመኔውን አራግፎ፦ «ሰውም እኮ እንዲሁ ነው፤
ማዕረጉ በረዘመ ቁጥር የሚያስገባው ጥቂት ነው።»

በመጀመሪያው ቀን ያነሣሁት ሁሉ የገዛ ጣቴ ነበረ፤
የዱሻን እርግብም ያለ ራሱ በረረ።
ቪዶሊ አንድም አላጠፋ፤ «ይቀመጥ» ይለን ነበረ፤
«ያማረ ፎቶ ያኮራል፤ የተበላሸው ግን አስተማረ።»

ቀዳዳ፣ ፍጥነት፣ አይ ኤስ ኦ፤ በደብተሬ ጻፍኳቸው፣
ከላያቸው ድስት ሣልኩ፤ ሦስት ጉልቻ አልኳቸው።
«ጉልቻ ቢለዋወጥ» ትላለች እናቴ፣ «ወጥ አያጣፍጥም»፤
እዚህ ግን አንዱን ነካ ካረጉት ድስቱ አይቀመጥም።

የቤት ሥራው አንድ መስመር፦ «በሥራ ላይ ያለ ሰው ፊት።»
ያስና ወደ አጎቷ ሄደች፣ ጀልባ ወደሚቀባበት።
እኔ እናቴን መረጥኩ። አውቶቡስ ትነዳለች፣
ከትሪየስቴ ባቡር ጣቢያ እስከ ኮረብታው ትመላለሳለች።
ከራሷ በላይ በጣሊያንኛ ተለጥፏል አንድ ጽሑፍ፦
«ሹፌር ማናገር ክልክል ነው።»
ማታ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ስታርፍ
ጽሑፉም አብሯት የገባ ይመስለኛል።
እራቴን ዝም ብዬ እበላለሁ።

ቅዳሜ ቦራ ተነሣ፤ ቦራ የሚሉት ነፋስ፣
ጃንጥላ የሚገለብጥ፣ ባሕሩን የሚያርስ።
መጨረሻው ፌርማታ ላይ ተሳፋሪው ወርዶ አለቀ፤
«አራት ደቂቃ አለሽ» አለች፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ ደረቀ።

የመጀመሪያው ላይ መስኮቱ እንደ መብረቅ ቦግ ብሏል፤
እናቴ የለችም፤ መሪ የያዘ ጥላ ተቀምጧል።
ቪዶሊ ነግሮን ነበር፦ «መለኪያው ሞኝ ነው፤
ዓለም በሙሉ ለእርሱ ግራጫ ብቻ ነው።
ነጭ ሲያይ ይፈራል፤ እናንተ አደፋፍሩት።
ፊቱን አትውቀሱ፤ መለኪያውን እዘዙት።»

«ሁለት ደቂቃ።»
ቀዳዳውን እስከ ጥግ ከፈትኩ፤ ፍጥነቱ አንድ ስልሳኛ፤
አይ ኤስ ኦ ስምንት መቶ፤ ብርሃኑን አንድ ተኩል ጨመርኩ።
«አንዴ ወደ እኔ ዙሪ።»
«መስታወት እያየሁ ነው።»
«እንግዲያው መስታወቱን እይ።»
አየችው።

መጣች።
የግንባሯ መስመር፤ የፀሐይ መነጽር አፍንጫዋ ላይ የተወው፤
ከንፈሯ ላይ ቀጭን ቀለም፣ ቤት ውስጥ አይቼው የማላውቀው፣
ጠዋት በጨለማ፣ እኔ ተኝቼ፣ ለመንገደኛ የምትቀባው።
ተቀምጣ እንዳለች አነሣኋት።

«እስቲ» አለች፤ በእጇ ከለል አድርጋ ስክሪኑን አየች።
«ደክሞኛል እንዴ?» ብላ ራሷን ጠየቀች።
ሰዓቷን አየች። ለአንዲት አሮጊት በሩን ከፈተች።
ነፋሱ ገባ፤ አሮጊቷም ገባች፤ ተዘጋ፤ ሄድን።

ሰኞ ቪዶሊ መለሰልኝ፤ ሰባት ከአሥር፣ በቀይ፦
«ብርሃኑ ጥሩ ነው። ጥቂት ደብዝዟል፤ እጅሽ አልተንቀጠቀጠም ወይ?»

እጄ አልነበረም።
ሞተሩን አላጠፋችውም ነበር።